ውጭ አገር ለመኖር ከተማ ስትመርጡ፦ ደረጃ በደረጃ የማመዛዘኛ መመሪያ

«ከእነዚህ ሁለት ከተሞች የትኛው ይሻለኛል?» የሚል መልእክት ስለሚበዛብኝ መልሴን አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ጠያቂዎቹ የሚልኩልኝ የከተሞቹን ስም ብቻ ነው። ዕድሜያቸውን፣ ሙያቸውን፣ ማን አብሯቸው እንደሚሄድ አይነግሩኝም፤ ያለዚያ ደግሞ መልስ የለም። እዚህ የማሳያችሁ አሠራር መጀመሪያ የማይሆኑትን ከተሞች ይጥላል፣ ቀጥሎ በቀሩት ላይ ሒሳብ ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ ያሸነፈውን ሄዶ ይፈትሻል። ቅደም ተከተሉን አትገለብጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከመጨረሻው ስለሚጀምር ነው፦ ለጉብኝት ሄዶ ከተማውን ይወድና ከዚያ በኋላ ምክንያት ይፈልግለታል።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ፓስፖርት። ብዙ አገሮች ከመግቢያ ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ይጠይቃሉ፤ የሚያልቅበትን ቀን አሁኑኑ እዩት።
- ያለፉት 12 ወራት ወጪያችሁ። የባንክ ዝርዝር ካለ እሱ ይበቃል።
- የትምህርት ማስረጃ ከነትራንስክሪፕቱ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት።
- በቋሚነት የምትወስዱት መድኃኒት ዝርዝር፣ በንግድ ስሙ ሳይሆን በኬሚካል ስሙ።
- ኤክሴል፣ ካልሆነም ባለካሬ ደብተርና ካልኩሌተር።
- አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ ለእሱ የራሱ ወረቀት።

ለእጩነት ከ5 እስከ 8 ከተሞች ያዙ። ከዚያ ከበዛ ምርመራው ያደክማችሁና ግማሹን በስሚ ትሞሉታላችሁ።

1. የማትደራደሩበትን ጻፉ

ከአምስት የማይበልጡ ነገሮች። እያንዳንዱ «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚመለስ መሆን አለበት። «ጥሩ አየር» አይለካም፤ «የዓመቱ አማካይ ፒኤም 2.5 (አየር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ) በአንድ ሜትር ኩብ ከ15 ማይክሮግራም አይበልጥም» ግን ይለካል። (የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ 5 ነው የሚለው። በዚያ ልክ ካጣራችሁ ግን አብዛኛው ትልቅ ከተማ ይወድቅባችኋል።) «ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሥራት ይችላል»፣ «ልጄ በምትችለው ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ»፣ «መኪና ሳልገዛ መኖር እችላለሁ»፦ እነዚህም እንደዚያው ናቸው።

ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሳትተያዩ ጻፉና በኋላ አገናኙት። አብራችሁ ከጻፋችሁት ድምፁ ከፍ ያለው ሰው ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

ይህ ደረጃ ከነጥብ መስጫው (ደረጃ 8) የሚቀድመው የማይካካሱ ነገሮች ስላሉ ነው። ልጃችሁ አስም ካለባት የርካሽ ኪራይ ነጥብ የመጥፎ አየርን ነጥብ አይሸፍንም፤ በሰንጠረዥ ላይ ግን ይሸፍናል፣ አማካዩም ጥሩ ይመስላል።

2. በሕጋዊ መንገድ መኖር የምትችሉበትን ለዩ

ብዙ ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ለእያንዳንዱ ከተማ አራት ጥያቄዎችን መልሱ፦

ሀ. በየትኛው የፈቃድ ዓይነት ነው የምገባው? «ቪዛ ይገኛል» መልስ አይደለም፤ የፈቃዱን ትክክለኛ ስምና መስፈርቱን ጻፉ። ዕድሜ ራሱ መስፈርት ሊሆን ይችላል። ካናዳ ሙያተኞችን በምትመርጥበት የኤክስፕረስ ኢንትሪ ነጥብ አሰጣጥ ከ20 እስከ 29 ያለ ሰው የዕድሜውን ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ 45 የሞላው ዜሮ ያገኛል። አውስትራሊያም በነጥብ ለሚሰጠው የሙያተኞች ቪዛ 45 ያልሞላው ሰው ነው የምትጋብዘው። ስለዚህ 43 የሆነው ሰው እና 28 የሆነችው ሴት አንድ ዓይነት የከተማ ዝርዝር ሊኖራቸው አይችልም።

ለ. ፈቃዱ ከአሠሪዬ ጋር የታሰረ ነው? ዱባይ ላይ በቅጥር የሚገኝ የመኖሪያ ፈቃድ ሥራው ሲቋረጥ አብሮ ይሰረዛል፤ ሌላ ሥራ ለማግኘት ወይም ለመውጣት የሚተርፋችሁ የእፎይታ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ከተማዋን አይጥላትም። ነገር ግን የምትይዙትን የመጠባበቂያ ገንዘብ ይቀይረዋል።

ሐ. የትዳር ጓደኛዬ መሥራት ይችላል? አብሮ የመግባትና የመሥራት ፈቃድ የተለያዩ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በኤች-1ቢ (የሙያተኛ የሥራ ቪዛ) የገባ ሠራተኛ ባል ወይም ሚስት በኤች-4 (የቤተሰብ ቪዛ) ይገባል፤ የመሥራት መብት የሚያገኙት ግን የተወሰኑት ብቻ ናቸው።

መ. ከስንት ዓመት በኋላ ቋሚ እሆናለሁ? ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ዜግነት ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የመኖሪያ ዘመን ከ8 ወደ 5 ዓመት ዝቅ አድርጋለች። ካናዳ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 1,095 ቀን አገሪቱ ውስጥ መገኘትን ትጠይቃለች። ጃፓንና ሲንጋፖር ዜጋ ለመሆን የቀድሞውን ዜግነት መተውን ይጠይቃሉ። ይህ ለአንዳንዱ ምንም አይደለም፣ ለሌላው ከደረጃ 1 ዝርዝር የሚገባ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በጎብኚ ቪዛ ገብቶ «እየኖርኩ አያለሁ» ማለት አያዋጣም። በአውሮፓው የሸንገን አካባቢ የተፈቀደው በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ለ29ኙም አገሮች በአንድ ላይ ነው። ሊዝበን 90 ቀን ጨርሶ ማድሪድ መግባት ቆጠራውን አያድሰውም። ከርቀት ለምትሠሩ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ክሮኤሺያና ኢስቶኒያ ለዚሁ የተለየ ፈቃድ አላቸው። የገቢ መስፈርቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው፤ የፖርቱጋሉ የአገሪቱ ዝቅተኛ ደሞዝ አራት እጥፍ ነው። ዝቅተኛው ደሞዝ በጨመረ ቁጥር መስፈርቱም ይጨምራል፤ ያለፈው ዓመት ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ቁጥር አይሠራም። መረጃ ከመንግሥቱ የኢሚግሬሽን ገጽ ብቻ ውሰዱ፤ ያያችሁበትንም ቀን ጻፉበት።

3. ሙያችሁ እዚያ ይሠራ እንደሆነ እዩ

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይህን ደረጃ በአምስት ደቂቃ ያልፋል። ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህር፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ከሆናችሁ ግን ከደሞዝ በፊት ይህን ነው የምትመረምሩት። እንግሊዝ ውስጥ ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ ሐኪም በተለመደው መንገድ የፕላብን ፈተና ያልፋል። አሜሪካ ዩኤስኤምኤልኢ የተባለውን የሐኪሞች ፈተና ካለፈ በኋላም የሬዚደንሲ ሥልጠና ይጠብቀዋል። ነርሶች በአሜሪካም በካናዳም ኤንክሌክስን ይፈተናሉ። በእነዚህ ሁለት አገሮች ፈቃድ የሚሰጠው በክፍለ ግዛት ደረጃ ስለሆነ «ካናዳ ውስጥ መሥራት እችላለሁ» ከማለት «ኦንታሪዮ ውስጥ መሥራት እችላለሁ» ብሎ ማጣራት ይሻላል።

ፈተናው፣ የቋንቋ ደረጃውና ወረቀቱ የሚወስደውን ወራት ጻፉ። ያ ጊዜ በሙያችሁ ደሞዝ የማታገኙበት ነው፤ ደረጃ 5 ላይ ያስፈልገናል።

ወረቀት በተመለከተ፦ አገራችሁም የምትሄዱበትም የ1961ዱ የአፖስቲል ስምምነት አባል ከሆኑ አንድ ማኅተም ይበቃል። ካልሆነ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም በመዳረሻው አገር ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት። ይህን ሳትሄዱ ጨርሱት። ከሄዱ በኋላ ለአንድ የልደት ሰርተፍኬት ውክልና መላክ፣ ዘመድ ማስቸገርና ወራት መጠበቅ ይመጣል።

4. በእጃችሁ የሚቀረውን አስሉ

አብዛኛው ሰው የኑሮ ውድነት ደረጃ ያወጡ ገጾችን አይቶ ይህን ደረጃ የጨረሰ ይመስለዋል። መርሰር የተባለው አማካሪ ድርጅት ደረጃውን የሚያወጣው ሠራተኛ ወደ ውጭ ለሚልኩ ኩባንያዎች ነው፤ መነሻው ኒው ዮርክ ነው። ኑምቤዮ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለው ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሞሉት ዋጋ ነው፤ ብዙ ሰው የሞላበት ከተማ ላይ ይጠቅማል፣ ጥቂት ሰው የሞላበት ላይ ያሳስታል። ሁለቱም የእናንተን ወጪ አያውቁም። ስለዚህ የራሳችሁን የ12 ወር ወጪ ውሰዱና እያንዳንዱን መስመር በአዲሱ ከተማ ዋጋ ተክታችሁ ጻፉ።

ደሞዙን ከግብር፣ ከጡረታና ከመድን መዋጮ በኋላ ያዙት። የብዙ አገሮች የደሞዝ ማስሊያ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።

ኪራይን በአማካይ አትያዙ። በእውነት ልትኖሩባቸው የምትችሉትን ሁለት ሰፈሮች ምረጡና የ20 ማስታወቂያዎችን ዋጋ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፤ መሀል ላይ የሚገኘውን ውሰዱ። አንድ ቅንጡ ቤት አማካዩን ያበላሻል፣ መሀለኛውን ግን አያነቃንቀውም። ከዚያ ማስታወቂያው የማይነግራችሁን ጨምሩ፤ የየአገሩ ልማድ ፈጽሞ ይለያያልና፦

- ጀርመን፦ «ቀዝቃዛ ኪራይ» ማሞቂያንና የሕንፃ አገልግሎትን አይጨምርም፤ የምትከፍሉት «ሞቃቱን» ነው። ማስያዣ እስከ 3 ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ይደርሳል። ባዶ ቤት ሲባል ብዙ ጊዜ ወጥ ቤቱም ባዶ ነው፤ ምድጃውንና ቁም ሣጥኑን የምትገዙት እናንተ ናችሁ።
- እንግሊዝ፦ የዓመት ኪራዩ ከ50,000 ፓውንድ በታች ከሆነ ማስያዣው ከ5 ሳምንት ኪራይ አይበልጥም። የካውንስል ግብር (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈል) ግን ከኪራዩ ውጭ ነው፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ ተከራዩ ነው።
- ዱባይ፦ የዓመቱን ኪራይ የሚመነዘሩበት ቀን አስቀድሞ በተጻፈባቸው ጥቂት ቼኮች የመክፈል ልማድ አለ። ወርሃዊ ሒሳቡ ያማረ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ላይ ትልቅ ገንዘብ ሊጠይቃችሁ ይችላል።
- ቶኪዮ፦ ከማስያዣው ሌላ ለአከራዩ የሚሰጥ የማይመለስ የምስጋና ገንዘብና ዋስ ለሚሆን ድርጅት የሚከፈል ሊኖር ይችላል።

ጤናና ትምህርትም እንደዚያው። እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ቪዛ የምታመለክቱ አብዛኞቻችሁ አዋቂዎች ለእያንዳንዱ ዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ አለባችሁ፤ የሚከፈለውም ለቪዛው ዘመን በሙሉ አስቀድሞ ነው። የ3 ዓመት ቪዛ ማለት በአንድ ሰው 3,105 ፓውንድ፣ ገና ሳትሄዱ። ዱባይ ደግሞ ከደሞዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም፤ ግን የውጭ ዜጎች ልጆች በብዛት የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት ስለሆነ ሦስት ልጅ ላለው ሰው ያልተቆረጠው ግብር በሌላ በር ይወጣል።

ለማሳየት ያህል በፈጠርኩት ቁጥር እንየው። ከተማ «ሀ» የተጣራ ደሞዝ 4,200፤ ኪራይ 1,900፣ የመኪና ወጪ 350፣ ጤና 300፣ ሌላው 1,100። ቀሪ 550። ከተማ «ለ» የተጣራ ደሞዝ 3,300፤ ኪራይ 1,150፣ የወር ትኬት 60፣ የጤና መዋጮ ከደሞዙ ላይ የተቆረጠ፣ ሌላው 950። ቀሪ 1,140። ደሞዙን ብቻ ያየ ሰው «ሀ»ን ይመርጥ ነበር።

ገቢያችሁ በአንድ ገንዘብ፣ ወጪያችሁ በሌላ ከሆነ ገቢውን በ15 በመቶ ቀንሳችሁ እንደገና አስሉ። ቀሪው ከዜሮ በታች ከወረደ ከተማው ለእናንተ ውድ ነው።

5. የመግቢያ ገንዘቡን ለብቻው ያዙ

የቪዛና የጤና ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የመጀመሪያ ወር ማረፊያ፣ ማስያዣ፣ ዕቃ፣ የሰነድ ትርጉም። በዚህ ላይ የ6 ወር ወጪ ጨምሩ፤ ፈቃዳችሁ ከአሠሪ ጋር የታሰረ ከሆነ የመመለሻ ትኬት፣ ሙያችሁ ፈተና የሚጠይቅ ከሆነ በደረጃ 3 የጻፋችሁትን ወራት። ድምሩ ካላችሁ ገንዘብ ከበለጠ ከተማው አልወደቀም፤ የምትሄዱበት ቀን ነው የተገፋው።

6. ግብር የምትከፍሉበትን አገር እወቁ

በብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀን መቆየት ብቻውን የግብር ነዋሪ ያደርጋል። ከርቀት ለምትሠሩ ሁለት አገር ሊጠይቃችሁ ስለሚችል በሁለቱ መካከል ድርብ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት መኖሩን አጣሩ። የአሜሪካ ዜጎች የትም ቢኖሩ ለአገራቸው ገቢያቸውን ያሳውቃሉ። የግብር ዓመቱ የሚጀምርበት ቀንም ይለያያል፤ የእንግሊዝ ሚያዝያ 6፣ የአውስትራሊያ ሐምሌ 1 ነው (ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር)። የመግቢያ ቀናችሁን በጥቂት ሳምንት ማንሸራተት ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

7. የዕለት ኑሮውን በቁጥር ተመልከቱ

ከአማካይ የአየር ሙቀት ይልቅ ጽንፉን እዩ። ስቶክሆልም በታኅሣሥ መጨረሻ ፀሐይ የምትታየው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ሄልሲንኪም ከዚያ ትንሽ ታንሳለች። ቦጎታ 2,640 ሜትር፣ ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይወስን።

የሥራ መንገዱን ካርታ ላይ ስትለኩ መነሻ ሰዓቱን ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት አድርጉ። ማታ ሲለካ ሁሉም ቅርብ ነው።

ቋንቋን በመሥሪያ ቤታችሁ አትመዝኑት። በርሊን ውስጥ ቢሮው እንግሊዝኛ ሊናገር ይችላል፤ ከመንግሥት የሚመጣው ደብዳቤ ግን በጀርመንኛ ነው። እዚያ ቤት ከገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ሲሆን ከአከራዩ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል። የግብር ቁጥራችሁ የሚመጣው ከዚህ ምዝገባ በኋላ ነው፤ ብዙ ባንኮችም ምዝገባውን ይጠይቃሉ። ጊዜያዊ ቤት ስትከራዩ ከዋጋው በፊት «በዚህ አድራሻ መመዝገብ እችላለሁ?» በሉ። «አይቻልም» ካሉ ቤቱ ርካሽ ቢሆንም ይቅርባችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመድኃኒት ዝርዝራችሁን ከመዳረሻው አገር ሕግ ጋር አስተያዩ። ጃፓን አምፌታሚን ያለበትን መድኃኒት በሐኪም ማዘዣም ቢሆን አታስገባም፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ኮዴይንና ትራማዶልን በጥብቅ ትቆጣጠራለች። ሌላ ቦታ በሐኪም ትእዛዝ የምትወስዱት ነገር እዚያ ሊያሳስር ይችላል።

8. ነጥብ ስጡ

እስከዚህ የቆዩት ሁለት ወይም ሦስት ከተሞች ናቸው። ለእናንተ የሚያስፈልጉትን አምስት ያህል መስፈርቶች ጻፉ፣ 100 ነጥብ አከፋፍሉባቸው፣ እያንዳንዱን ከተማ ከ1 እስከ 5 ስጡት፣ አባዙና ደምሩ። ክብደቱን ከነጥቡ በፊት ጻፉ፤ አለበለዚያ የምትወዱት ከተማ እንዲያሸንፍ ታስተካክሉታላችሁ።

ቀሪ ገንዘብ 30፣ የፈቃዱ አስተማማኝነት 25፣ ትምህርት 20፣ መጓጓዣ 15፣ አየር 10 እንበል። ከተማ «ሀ» በተራ 2፣ 3፣ 5፣ 2፣ 5 ቢያገኝ ድምሩ 315 ነው። ከተማ «ለ» 4፣ 4፣ 2፣ 4፣ 2 ቢያገኝ 340። «ለ» አሸነፈ። አሁን 10 ነጥብ ከገንዘብ ላይ አንስታችሁ ለትምህርት ስጡ፦ «ሀ» 345፣ «ለ» 320 ሆነ፤ አሸናፊው ተለወጠ። ይህን ፈተና ሳትሠሩ ሰንጠረዡን አትመኑት። በትንሽ ለውጥ የሚገለበጥ ከሆነ ከተሞቹ እኩል ናቸው፤ የቀረው ጥያቄ ለእናንተ ገንዘቡ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ የሚብሰው የሚል ነው፣ እሱን ደግሞ ኤክሴል አይመልስም።

የታወቁት የ«ምርጥ ከተሞች» ዝርዝሮችም የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። የኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው የጥናት ድርጅት ለመረጋጋት 25፣ ለባህልና አካባቢ 25፣ ለጤና 20፣ ለመሠረተ ልማት 20፣ ለትምህርት 10 በመቶ ይሰጣል። ቪየና እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2024፣ ኮፐንሃገን በ2025 አንደኛ የወጡት በዚህ ክፍፍል ነው። ኪራይና የመኖሪያ ፈቃድ ውስጡ የሉም።

9. ሄዳችሁ ኑሩበት

ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በከተማው መጥፎ ወቅት፦ ስቶክሆልምን በኅዳር፣ ዱባይን በሐምሌ። ማረፊያችሁ ልትከራዩ ባሰባችሁት ሰፈር ይሁን። የሥራ መንገዱን በሥራ ሰዓት ሂዱበት፣ የሳምንት አስቤዛ ግዙ፣ ሦስት የኪራይ ቤቶች ሄዳችሁ እዩ፣ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሰፈሩን በእግር ዙሩት። ሙዚየሙን ተዉት፤ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ ይደረስበታል።

መሄድ ካልተቻለ ሦስት ዓይነት ሰዎችን አነጋግሩ፦ ከገባ አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ፣ ኖሮበት ለቆ የወጣ። ሦስተኛውን ማግኘት ይከብዳል፤ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። «ከተማው እንዴት ነው?» አትበሉት። «ባለፈው ወር ለኪራይና ለመብራት ስንት ከፈልክ?»፣ «ሐኪም ለማግኘት ስንት ቀን ጠበቅክ?»፣ «ለምን ወጣህ?» በሉት።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

- አገርን መምረጥና ከተማውን ለአጋጣሚ መተው። ሙኒክና ላይፕሲግ በአንድ ሕግ ይተዳደራሉ፤ ኪራያቸው ግን አይገናኝም።
- አሠሪው ቤት የሰጠውን ሰው ስለ ኑሮ ውድነት መጠየቅ።
- የውጭውን ደሞዝ በአገር ቤት ገንዘብ መንዝሮ መደሰት። ወጪውም በዚያው ይመነዘራል።
- ያላዩትን ቤት ማስያዣ መላክ። «ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክላችኋለሁ» የሚል አከራይ ሁልጊዜ አጭበርባሪ ነው ብላችሁ ያዙት።
- መረጃውን ከስድስት ወር በላይ ማቆየት። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ደረጃ 2ን እና ደረጃ 4ን እንደገና ሥሩ፤ ሌሎቹ ቶሎ አይለወጡም።